ከድልድዩ እስከ ገደሉ

መስከረም 29 ቀን

ይድረስ ለእትዬ፣ ለአክስቴ ልጅ፤

ጉልበትሽ እንዴት ሰነበተ? ደረጃው ዛሬም ያስለቅስሻል? እኔ ደህና ነኝ፤ ደህና የሚለው ቃል እንኳ ያንስብኛል። ከእኔ የተረፈው ጤና ላንቺ ይሁን፣ እሱም እንደ ጉድ ነው የተረፈው። እዚህ ስልክ አይሠራም። ደብዳቤ የሚወስደው በሳምንት አንዴ ዕቃ የሚያመጣው መኪና ነው። «እሰይ! ራዲዮ በወረቀት ስትሆን ቢያንስ ወረቀቱ ያልቃል» እንደምትዪ አውቃለሁ። አያልቅም። ሁለት ደስጣ ይዤ መጥቻለሁ።

የመንገዱን ልንገርሽ። ጋሼ ባልሽ ሆኖብኝ አላማውም እንጂ፣ ሲነዳ ከመሪው ጋር የተጣላ ነው የሚመስለው። የስፌት ማሽኔ ከኋላ በሸራ ጥቅልሎች መሃል ታስራለች፤ መኪናው በዘለለ ቁጥር እኔ ዞር ስል እሱ «ተኝታለች፣ ተኝታለች» ይለኛል፣ ሕፃን የጫንን ይመስል። የያዝሽልንን ዳቦና እንቁላል አምስት ሰዓት ሳይሞላ ጨረስነው። ነዳጅ ማደያው ላይ የሽንት ቤቱን ቁልፍ ሰው ይዞ እንዳይሄድ ከአሮጌ የመኪና መሪ ጋር አስረውታል። መሪ ታቅፌ ሽንት ቤት ስገባ ጋሼ ከመኪናው ብቅ ብሎ «አደራ፣ ቀስ ብለሽ ንጂ!» አላለኝም? ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ኬላው ላይ ደግሞ ፈታሹ ማሽኔን እየነካካ «ምንድን ነው ይሄ?» ሲል፣ «ማሽን ነው» አልኩት። «የምን ማሽን?» ሲል ጋሼ ቀደመኝና «ያቺ የልብስ ናት፤ የወሬዋ ማሽን ከፊት ተቀምጣለች» አለው።

በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ድልድዩ ጋ ደረስን። አንድ መኪና ብቻ ነው የሚያሳልፈው። ከማዶ ወንበር የጫነ ከባድ መኪና ቀድሞን ገባ፤ መሃል ላይ ሲደርስ አንዱ ወንበር ተፈናጥሮ ወንዙ ውስጥ ወደቀ። ውሃው ቀጥ አድርጎ ይዞት ሄደ፣ ሰው የተቀመጠበት ነው የሚመስለው። እንዴት እንደሳቅን! ከዚያ ደረስን።

ሥራው እንደተባለው የሦስት ወር ነው። ቦታው ገደል ሥር ያለ የእንግዶች ማረፊያ ነው። ሰዎች ከየከተማው እየመጡ፣ አትሳቂ እንጂ፣ ዓለት ይወጣሉ። መንገድ ጠፍቷቸው አይደለም፤ ወደው ነው። የእኔ ሥራ ድንኳኖቻቸውን መጠገን ነው። ስልሳ ሁለት ድንኳን! ዚፑ የወለቀ፣ አይጥ የበላው፣ ሲጋራ የበሳው። አንድ ነገር ብቻ ተከልክያለሁ። ሲወጡ ወገባቸው ላይ የሚታጠቁት ቀበቶ አለ፤ ገመዱ የሚታሰረው እሱ ላይ ነው። እሱ ጫፉ ትንሽ ከተተለተለ መጠገን የሚባል ነገር የለም። አለቃዬ «ነፍስ የሚይዝ ነገር አይሰፋም፤ ይቆረጣል» ብላ እዚያው ፊቴ ሁለት ቦታ ቆርጣ ጣለችው፣ ሰው አንስቶ እንዳይታጠቀው። አዲስ የሚመስል ቀበቶ! እኔ በሁለት ስፌት የምመልሰውን! አንጀቴ አረረ።

መቀስ ስል፣ ትልቁን መቀሴን መሳቢያ ውስጥ ረስቼ መጥቻለሁ። ላኪልኝ። የዚህ ቤት መቀስ ሸራውን ያኝከዋል እንጂ አይቆርጠውም። ክፍሌን አደራ። ታኅሣሥ ሲያልቅ እመለስበታለሁ።

ያንቺው ራዲዮ


ጥቅምት 9 ቀን

ለራዲዮ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። ጉልበቴ እንደ ነበረ ነው። ደብዳቤሽ በሰባተኛው ቀን ገብቷል።

ሃያ ስድስት ዓመት መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ደብዳቤ የሚያነበው ለደስታ አይደለም፤ የጎደለ ገጽ ለመፈለግ ነው። ከግቢያችን እስከ ድልድዩ ያለውን መንገድ ሽንት ቤቱ ሳይቀር ጽፈሽልኛል። ከድልድዩ እስከ ገደሉ የጻፍሽው «ከዚያ ደረስን» የሚል ነው። ሁለት ቃል።

መንገዱ የሁለት ቀን ነው። የወጣችሁት መስከረም 20 ነው። ሥራውን ያገኘሁልሽ እኔ ስለሆንኩ አለቃሽ የደረስሽበትን ቀን ጽፋልኛለች፤ መስከረም 25 ይላል። ሦስት ቀን ጎድሏል። ባለቤቴን ብጠይቀው «መንገድ ነዋ» አለኝ። መንገድ መሆኑንማ አውቃለሁ።

ሦስቱን ቀን የት ነበራችሁ? ስለ ወንበር ይህን ያህል የጻፈ እጅ ይህቺን አንዲት ነገር አያቅተውም።

መቀሱን አይቼዋለሁ፣ መሳቢያው ውስጥ ነው። ክፍልሽን አየር እንዲያገኝ መስኮቱን ከፍቼልሻለሁ።

እትዬ


ጥቅምት 20 ቀን

ለውድ እትዬ፣ ለመዝገብ ቤቷ እመቤት፤

ጤናሽ ይብዛ፣ ጉልበትሽ ይጥና፣ ቁጣሽ ግን ትንሽ ይቀንስ። ምነው ፈታሽ ሆንሽብኝ? ጎማ ፈንድቶብን ነው። ጎማ ሠሪ በሌለበት አገር ጎማ ሲፈነዳ ሦስት ቀን ምን አላት! ይኸው ነው። አሁን ዋናውን ስሚኝ።

ዓለት ወጣሁ!

እኔ! በአርባ ዘጠኝ ዓመቴ! ከሸራ የሰፋሁትን ሱሪ ለብሼ! እዚህ ለእንግዶች ገመድ የሚይዝ አንድ ጡረታ የወጣ ግንበኛ አለ። ዕድሜውን ሙሉ ድንጋይ ሲደረድር ኖሮ አሁን ሰው ድንጋይ ላይ ይደረድራል። ቃል ከአፉ የሚወጣው እንደ ሚስማር ነው፤ ተነቅሎ። በየቀኑ ሻዬን ይዤ ሥሩ ቆሜ «እንዴት ነው? ያ ምንድን ነው? ያ ሰው ለምን ተንቀጠቀጠ?» ስለው ሰንብቶ፣ ባለፈው ሰኞ ቀበቶውን ወረወረልኝ። «ታጠቂ» አለኝ። «ለምን?» «እዚያ ላይ ስትሆኚ አልሰማሽም።»

ሥርዓት አለው፣ እትዬ። የሚወጣው ሰው ዓለቱ ሥር ቆሞ «ያዝከኝ?» ብሎ ይጠይቃል። ገመድ ያዡ ቋጠሮውን በእጁ ይነካል፣ ቀበቶውን ይስባል፣ ከዚያ ነው «ይዤሻለሁ» የሚለው። ይህቺን ቃል ሳይሰሙ እግር ከመሬት አይነሳም። ንጉሥም ቢሆን አይነሳም። እኔስ? «ያዝከኝ?» ብዬ ጠየቅኋ። ጠይቄም ስለ ጫማዬ ወሬ ቀጠልኩ፤ ወሬውን ሳልጨርስ ወጣሁ። ቁመቴን ሁለት እጥፍ ስወጣ ዞር ብል ሰውዬው እጁን ኪሱ ከቶ ቆሟል። ገመዱ መሬት ላይ ነው!

«ውረጂ» አለኝ።

«ጠየቅሁህ እኮ!»

«መጠየቅሽን ሰማሁ። አንቺ መልሴን ሰማሽ?»

በየት በኩል እንደወረድኩ አላውቅም፤ ክርኔ ተልጧል። ሁለተኛ ግን አፌን ዘግቼ ቆምኩ። ቆይቶ፣ ሆን ብሎ ቆይቶ፣ «ይዤሻለሁ» አለ። እትዬ፣ ይህቺን ቃል ሰው ብሎኝ አያውቅም። ወጣሁ። ዓለቱ ፀሐይ ሲመታው ይሞቃል፤ የከብት ጎን ነው የሚመስለው። እጅ አይታመንም፣ የሚታመነው እግር ነው ይላል ግንበኛው። እግሬን አመንኩት። ከዛፎቹ በላይ ሆኜ ድንኳኖቼን ቁልቁል ሳያቸው የለጠፍኩት ቁራጭ ሁሉ ይታያል። እንባዬ መጣ። ከዚያ ሳቄ መጣ። ግንበኛው ከታች «አውሪ፣ አሁን አውሪ» ይለኛል፤ ምንም የምለው አጣሁ!

መቀሱስ? እባክሽ ዕቃ ለሚያመጣው ሾፌር ስጪው።

ራዲዮ


ጥቅምት 30 ቀን

ለራዲዮ፤

ጤና ይስጥልኝ። ስለ ክርንሽ አዝናለሁ።

ጎማዎቹን አየኋቸው። አራቱም በግንቦት የገዛናቸው ናቸው፤ ተለዋጩ እስከ ዛሬ ከነላስቲኩ ነው። ውሸት ስትዋሺ እንኳ ሰው የማያየውን ነገር ምረጪ።

ስለ ዓለቱ የጻፍሽውን ለጎረቤት አነበብኩላት። «ታዲያ ማን ሊያወርዳት ነው?» አለች። በእኛ ዕድሜ ሴት ልጅ ገደል ላይ ተንጠልጥላ ማየት የሚያምረው ለሰውዬው ነው፤ ከታች ሆኖ ለሚያየው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለችው የኛው ቤት ሰው እንዳትሆን።

አሁን በደንብ አንብቢ። አስራ ዘጠኝ ዓመት በግቢዬ ኖረሻል። አንድ ቀን እንኳ በር ዘግቼብሽ አላውቅም። ጠዋት ስነሳ የማየው መስኮትሽን ነው። የምትመለሺው እዚያ ነው። ግን እኔን የሚመለከት ነገር እያወቀ፣ እንደማያውቅ ሆኖ በየጠዋቱ «እንደምን አደርሽ» የሚለኝን ሰው በግቢዬ ማኖር አልችልም። ይህን ያህል ልብ የለኝም።

ለሁለተኛ ጊዜ ነው የምጠይቅሽ። ከድልድዩ በኋላ የት ሄዳችሁ?

እትዬ


ኅዳር 14 ቀን

ለእትዬ፤

ሰማይ ጤናውን ያዝንብልሽ። ደብዳቤሽን ሳምንት ሙሉ ኪሴ ይዤው ከረምኩ፤ ዓለት ላይም ይዤው ወጣሁ። አትቀየሚ፣ የሚያምር የእጅ ጽሑፍ ስላለሽ ነው።

አሁን እስከ ጫፍ ነው የምወጣው። ግንበኛው «የድንጋይ ዘመድ ነሽ፣ ብቻ ድንጋይ ዝም ይላል» አለኝ። ጫፉ ላይ እንደ ገበታ የተደላደለ ቦታ አለ። እዚያ ተቀምጬ ምን እንደማይ ታውቂያለሽ? መንገዱን። ሙሉውን። ከአድማስ ጀምሮ እንደ ክር ይመጣል፤ ወንዙ ጋ ይጠብባል፤ ድልድዩ እንደ መርፌ ቀዳዳ ነው። ከድልድዩ በዚህ በኩል ደግሞ ወደ ግራ የምትገነጠል ቀጭን የአፈር መንገድ አለች። ትንሽ ናት። ካርታ ላይም የለችም። ሁልጊዜ ዓይኔን የምትስበው እሷ ናት።

እውነቱን ልንገርሽ? ደስ ብሎኛል። አንቺ የሰውን ሁሉ ልደትና ሞት በፋይል ደርድረሽ የምታውቂ ሰው፤ እንግዳ ሲመጣ «ራዲዮዋን ዝጉልኝ» እያልሽ ከሳሎን የምታስወጪኝ ሰው፤ ዛሬ ከዚህች ራዲዮ አንዲት ዜና ትለምኚያለሽ። ዝም አይነቅዝም ሲሉ አይገባኝም ነበር፤ ዝም ብዬ ስለማላውቅ። ለካ ዝምታ እንዲህ ይጣፍጣል! ከረሜላ አፍ ውስጥ ይዞ እንደመዋል ነው። አንዳንድ ነገር ለወረቀት አይሆንም፣ እትዬ። ሆድ ይፍጀው። ጉልበትሽን ነው የማስበው፤ ቆመሽ ካነበብሽው ትወድቂያለሽ።

መቀሴን ላኪልኝ። ሦስተኛ ጊዜዬ ነው። አየሽ፣ እኔም እቆጥራለሁ።

ራዲዮ


ኅዳር 28 ቀን

ለራዲዮ፤

ቁጭ ብዬ ነው ያነበብኩት።

ለሦስተኛ ጊዜ እጠይቅሻለሁ፤ አራተኛ የለም። የት ነበራችሁ? ክፍልሽን በተመለከተ ከጥር በፊት መወሰን ያለብኝ ነገር አለ፤ የምወስነውም መልስሽን አይቼ ነው። የምትነግሪኝን ነገር አልፈራውም። እንድትነግሪኝ ብቻ ነው የምፈልገው፤ እንደ እህት፣ በአንድ መስመር።

እትዬ


ታኅሣሥ 15 ቀን

እትዬ፤

«እንደ እህት» አልሽ? እንግዲያው ውሰጂ።

ከድልድዩ አልፈን ወደ ግራ ተገነጠልን። ጋሼ «አንድ ደንበኛ ጋ ጎራ ልበል» አለኝ። ትንሽ ከተማ ናት፤ ሁለት ሱቅ፣ አንድ ወፍጮ ቤት። አረንጓዴ በር ያለው ቤት ጋ አቆመ። አላንኳኳም፣ እትዬ። ቁልፍ አወጣ። የራሱን ቁልፍ፣ ከናንተ ቤት ቁልፍ ጋር በአንድ ቀለበት! ጫማውን ሳያይ አወለቀ፤ ነጠላ ጫማው እግሩ በሚያርፍበት ቦታ ተቀምጦ ይጠብቀዋል። አንዲት ሴት ወጣች። ቆንጆ ናት ብዬ ላናድድሽ አልችልም፤ ቆንጆ አይደለችም። ከእኔ ታንሳለች፣ ከአንቺ በጣም ታንሳለች። ከኋላዋ አስራ አምስት ዓመት የሚሆናት ልጅ አለች። ስሟን መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ ጆሮዋን አየሁ። እንደ ድስት እጀታ የቆመ ጆሮ! የማን እንደሆነ አንቺ ታውቂዋለሽ፤ የሚወርሰው ልጅ ብቻ ነው ያጣሽለት።

ሦስት ቀን ተቀመጥን። የጣሪያውን አሸንዳ ሰቀለ። የልጅቷን ጠረጴዛ እግር ጠገነ። ሲሠራ ደግሞ ይዘፍናል። አንቺ ሲዘፍን ሰምተሽው ታውቂያለሽ? ሃያ ሁለት ዓመት አብረሽው ኖረሽ? እኔ በግቢያችሁ አስራ ዘጠኝ ዓመት ኖሬ ሳል እንጂ ሌላ ድምፅ አልሰማሁበትም። እዚያ መሰላል ላይ ቆሞ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ!

ሴትየዋ «ዘመድ ነዎት?» አለችኝ። እሱ «ደንበኛ ናት፣ ዕቃ ጭኜላት ነው» አለ። እኔም «አዎ» አልኩ። የሚስቱ የአክስት ልጅ ነኝ አላልኩም። አልጋዋን ለቀቀችልኝ፤ ተኛሁበት። እንዲያውም ማሽኔን አስወርጄ ለልጅቷ የትምህርት ቤት ቀሚሷን ጠርዝ ዘረጋሁላት፤ አድጋ አጥሯት ነበር። በደንብ ነው የሰፋሁት። እኔ የሰፋሁት አይተረተርም።

ለምን እስከ ዛሬ እንዳልነገርኩሽ ትጠይቂያለሽ። ሰዓት ሠሪውን ታስታውሺያለሽ? ለእኔ ብሎ በየእሑዱ በር የሚያንኳኳውን? አንድ ቀን በሩ ላይ «እሷ የለችም፣ አትመለስም፣ ሁለተኛ አትምጣ» ስትዪው መስኮቴ ክፍት ነበር። ክር ጥርሴ ላይ እንዳለ ሰማሁሽ። አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ምሳሽን በላሁ፣ ቀሚስሽን አጠበብኩ፣ አሰፋሁ፣ ምንም አላልኩም። ያኔ የቀማሽኝን አሁን መለስኩልሽ። እንዴት ነው? ቆመሻል ወይስ ተቀምጠሻል?

በወሩ መጨረሻ ሥራው ያልቃል፤ አለቃዬ ጥቂት ሳምንት ጨምራልኛለች። ከዚያ እመጣለሁ። አሁን በመሃላችን የተደበቀ ነገር የለምና እንደ ድሯችን እንኖራለን።

ራዲዮ


ጥር 4 ቀን

ለአክስቴ ልጅ፤

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤሽን ተቀምጬ አነበብኩት፤ ከዚያ ቆሜ አነበብኩት። አልወደቅኩም።

የዛሬ አራት ዓመት የግቢያችንን በር ስናስቀባ አራት ቆርቆሮ አረንጓዴ ቀለም ገዛን። ሦስቱ በሩ ላይ ዋለ። አንዱ መኪናው ላይ ሲጫን ከደረጃው ላይ ሆኜ አየሁ። ሰው ሁለት በር ከሌለው ሁለት በር አይቀባም። መዝገብ ቤት ለሚሠራ ሰው የቀረውን ማግኘት የአንድ ሳምንት ሥራ ነው። የልጅቷን ስም አውቃለሁ፣ የተወለደችበትን ቀን አውቃለሁ። የማላውቀው አንድ ነገር ነበር፤ እንደሚዘፍን አላውቅም ነበር። እሱን ካንቺ ሰማሁት። ያሰብሽበት ቦታ መትቷል፤ ደስ ይበልሽ።

ሥራውን የፈለግሁልሽ እኔ ነኝ። ከእሱ ጋር ሂጂ ያልኩሽም እኔ ነኝ፤ አውቶቡስ እኮ ነበረ። በዚያ በኩል ሲያልፍ እንደማያስችለው አውቃለሁ። እንድታይ ነው የላክሁሽ። አራት ዓመት ብቻዬን ማወቅ ደክሞኝ ነበር። አንድ ሰው፣ የእኔ የምለው አንድ ሰው አይቶ መጥቶ «እትዬ፣ እንዲህ ነው፤ አይዞሽ» እንዲለኝ ፈለግሁ። ከዚያ ተያይዘን ልናለቅስ፣ ከዚያ አንቺ አንድ ነገር ብለሽ ልታስቂኝ። ይኸው ነበር ሐሳቤ። ሞኝ ነኝ።

ሦስት ጊዜ ጠየቅሁሽ። ያዝሽኝ? ብዬ ነው የጠየቅሁሽ። አንቺ ስለ ጎማ ጻፍሽልኝ፤ ስለ ከረሜላ ጻፍሽልኝ። በመጨረሻ የነገርሽኝ ልታቆሚኝ አይደለም፤ ስወድቅ ለማየት ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ አይመለስም።

ያቺ አልጋዋን የለቀቀችልሽ ሴት ኅዳር ላይ ጻፈችልኝ። አራት መስመር ነው። ማን እንደሆነች፣ ማን እንደሆንኩ እንደምታውቅ፣ እንዳፈረች፣ ልጅቷ ዘጠነኛ ክፍልን የምትማርበት ትምህርት ቤት እዚያ እንደሌለ። የማላውቃት ሴት በአራት መስመር የነገረችኝን አንቺ በሁለት ደስጣ ወረቀት አልነገርሽኝም። ላንቺ ለሦስተኛ ጊዜ ስጽፍ የእሷ ደብዳቤ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። ከሁለታችሁ ለማን ክፍሉን እንደምሰጥ ነበር የምወስነው።

ልጅቷ ሰኞ ገባች። በክፍልሽ ነው ያለችው። የሰፋሽላት ቀሚስ ከበሩ ጀርባ ተሰቅሏል፤ እንዳልሽው አልተተረተረም። ዝምተኛ ናት። ጆሮዋን ለምጄዋለሁ። የቀረ ልብስሽን በካርቶን አድርጌ እልክልሻለሁ።

ሰዓት ሠሪው ሚስት ነበረችው። ጋብቻው እኛ መዝገብ ላይ ነበር፤ በእጄ ነው ያወጣሁት። ብነግርሽ በራስሽ ታፍሪያለሽ፣ ባልነግርሽ በእኔ ትቆጪያለሽ። በእኔ መቆጣት ይሻላታል ብዬ አስራ ዘጠኝ ዓመት ተሸከምኩት። ዛሬ የምነግርሽ ለምን እንደሆነ አንቺ ታውቂዋለሽ፤ አሠራሩን ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ።

አለቃሽ ትክክል ናት። ነፍስ የሚይዝ ነገር አይሰፋም።

ያንቺው የነበረች


ጥር 26 ቀን

እትዬ፤

ሥራው አልቋል። ድንኳኖቹ ታጥፈዋል። ማሽኔ መንገድ ዳር በሳጥኗ ውስጥ ተቀምጣለች፤ ካርቶኑም ደርሶኛል። ሁለት ሳምንት ጻፍኩ፣ ቀደድኩ። አንዱን ሃያ ገጽ አድርሼው ነበር። ግንበኛው አጠገቤ ተቀምጦ አየኝና «በዚህ ሁሉ ውስጥ ጥያቄሽ የቱ ነው?» አለኝ። ፈልጌ አጣሁት። ስለዚህ ሁሉንም ትቼ እሱን ብቻ ልጻፍ።

እትዬ፣ ያዝሽኝ?

እግሬን ከመሬት አላነሳሁም። መልስሽን እጠብቃለሁ።


የካቲት 9 ቀን

ለጤናዎ እንደምን አሉ?

ይህን የምጽፍልዎ እኔ በክፍልዎ ያለሁት ነኝ። ቀሚሴን የሰፉልኝ። እትዬ ደህና ናቸው፤ ጉልበታቸውን ማታ ማታ እኔ አሽላቸዋለሁ። ደብዳቤዎቹን በየቀናቸው እንድደረድር ሰጥተውኝ ነበርና ሁሉንም አንብቤያለሁ። ስለ ጆሮዬ የጻፉትንም። መስታወት ላይ አይቼዋለሁ፣ እውነትዎን ነው።

ትልቁ መቀስ በዚህ ጥቅል ውስጥ አለ። እትዬ ራሳቸው ናቸው የጠቀለሉት።

የመጨረሻውን ደብዳቤዎን አነበብኩላቸው። «መልስ አለው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «አለው እንጂ፤ የጠየቀ ሰው መልስ ሳይሰማ መቅረት የለበትም» አሉኝ። እንዳሉኝ ነው የምጽፈው፤ አንድም ቃል አልጨመርኩም።

አልያዝኩሽም።